ለትራክተር ጎማ ክብደት፦ ውሃ፣ ጨው ወይስ ሌላ ፈሳሽ?

በሞረትና ጅሩ ጥቁር መሬት ላይ ትራክተር የሚቆመው ብዙውን ጊዜ የሞተር ጉልበት አንሶት አይደለም። ሞተሩ ያጓራል፣ የኋላው ጎማ ባለበት ይዞራል፣ ናፍጣው ይቃጠላል፣ ማረሻው ግን አንድ ክንድ አይራመድም። ጉልበቱ አለ፤ የጎደለው ጉልበቱን መሬት የሚያስይዘው ክብደት ነው። ለዚህ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው ርካሽ መላ የኋላ ጎማዎችን በከፊል በፈሳሽ መሙላት ነው። በምን ፈሳሽ ሲባል ግን ጎሚስታው አንድ ይላል፣ መካኒኩ ሌላ ይላል፣ ዕቃ ሻጩ ደግሞ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ያመሰግናል። እኔ የደረስኩበትን ከነምክንያቱ ልጻፍ።

የማርሰው በእነዋሪ ዙሪያ ነው፤ የራሴን መሬትና በኪራይ የሰውን። ትራክተሬ 75 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳ ማሴይ ፈርጉሰን ነው። የኋላ ጎማው ቁጥር 16.9-30 ሲሆን ካላማዳሪ አለው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሊትርና የኪሎ ቁጥሮች ለዚህ ጎማ ናቸው፤ የእናንተ ጎማ ከጠበበ ይቀንሳሉ፣ ከሰፋ ይጨምራሉ።

ከመሙላታችሁ በፊት ችግሩ በእርግጥ የክብደት መሆኑን ለኩ። መለኪያው ጠመኔና ሁለት ችካል ብቻ ይፈልጋል። የኋላው ጎማ ጎን ላይ ምልክት አድርጉ፤ ማረሻውን አንስታችሁ በዚያው ማሳ ላይ ጎማው 10 ጊዜ ሙሉ እስኪዞር ንዱና መነሻውንና መድረሻውን ቸክሉ። ከዚያ ማረሻውን አስገብታችሁ ያንኑ ርቀት እያረሳችሁ፣ አንድ ሰው ከጎን እየሄደ ዙሩን ይቁጠር። ጎማው 11 ተኩል ጊዜ ከዞረ የሚንሸራተተው 13 በመቶ ያህል ነው፤ ይህ ጤናማ ነው። 13 ጊዜ ከዞረ 23 በመቶ ደርሷል፤ ከምትገዙት ናፍጣ ሩብ የሚጠጋው ጎማ ለመፋቅ ይውላል ማለት ነው። ለእርሻ ሥራ ጥሩ የሚባለው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከ8 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ ትራክተሩ ከልክ በላይ ከብዷል፤ ያን ጊዜ ናፍጣው ክብደት ለማመላለስ ይወጣል፣ አፈሩም ይጠቀጠቃል። የእኔ ትራክተር ባዶ ጎማውን ሳለ 13 ዙር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

ይህን ልኬት በደረቅ ወይም በመጠኑ እርጥብ በሆነ አፈር ላይ አድርጉት። መረሬ፣ ይህ ጥቁር ጭቃማ አፈራችን፣ በዝናብ ከራሰ በኋላ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ድፍን ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የፈለገውን ያህል ክብደት ብትጭኑ ጎማው አይነክስም፣ ይልቁንም ይሰምጣል። ለእንዲህ ያለው ቀን መፍትሔው ማሳው እስኪጠፈጥፍ መጠበቅ ነው። የእነዋሪ ገበሬ በዚህ አፈር ላይ ውሃ እንዳይተኛ ሰፋፊ መደብ በእጁ ሲያወጣ የኖረ ነው፤ ትራክተር መጣ ብሎ አፈሩ ጠባዩን አልለወጠም።

አሁን ወደ ፈሳሹ። የውጭ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉትን ያነበበ ሰው ክርክሩ በሙሉ በብርድ ዙሪያ መሆኑን ያያል። ምክንያት አላቸው። በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች የክረምቱ ብርድ ለሳምንታት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ ተራ ውሃ ጎማ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ለማይረጋ ፈሳሽ ገንዘብ ያወጣሉ። የእኛም አገር ሰው ይህን ይሰማና "ደብረ ብርሃንስ ውርጭ አይደል? ጅሩስ ብርድ አይደል?" ይላል።

ውርጭ መኖሩ እውነት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ባቄላና ምስር ያለው ሰው በደንብ ያውቀዋል። ነገር ግን የእኛ ውርጭ ሌሊት ገብቶ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሚሄድ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ደርሶ ወደ በረዶ ለመለወጥ የሚያጣው ሙቀት፣ ያው ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለመቀዝቀዝ ከሚያጣው ጋር እኩል ነው። እያንዳንዱ የኋላ ጎማዬ የሚይዘው 260 ሊትር ያህል ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ወፍራም ጎማ ለብሷል። ከንጋት በፊት ያሉት ጥቂት የውርጭ ሰዓታት ይህን ሁሉ ውሃ ለማርጋት አይበቁም፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይም ሌሊት የጠፋውን ይመልሳል። በረዶ ያየሁት ቫልቮላው አፍ ላይ በቀሩ ጠብታዎች ብቻ ነው። ለዚህም ትራክተሩን ማታ ሳቆም ቫልቮላው ከላይ እንዲሆን አድርጌ ማቆም በቂ ሆኗል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ብርድ ፈሳሽ ለመምረጥ ዋና ምክንያት አይደለም የምለው በዚህ ነው። ለሸዋሮቢትና ለምንጃር ቆላማ ክፍል ሰው ጥያቄው ጭራሽ አይነሳም።

ብርዱ ከመንገድ ሲነሳ የሚቀሩት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ምን ያህል ይከብዳል፣ ቸርኬውን (ጎማው የሚገጠምበትን ብረት) ምን ያደርገዋል፣ ባስፈለገ ጊዜስ የት ይፈሳል?

በክብደት የሚታወቀው ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው ነው። በውሃ ተበጥብጦ ሲሞላ አንዱ ሊትር ከ1.2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በደንብ የጠነከረው ደግሞ ከዜሮ በታች እስከ 50 ዲግሪ ድረስ አይረጋም። ስሌቱን ግን ወረቀት ላይ አውጡት። ሁለቱ ጎማዎቼ 520 ሊትር ይይዛሉ፤ በንጹሕ ውሃ 520 ኪሎ፣ በዚህ ጨው ደግሞ 640 ኪሎ ያህል። ለ120 ኪሎ ትርፍ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ጨው መግዛት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ጨው ብረት ይበላል። ካላማዳሪው ደህና እስከሆነ ድረስ ፈሳሹ ከቸርኬው ጋር አይገናኝም፤ አንድ እሾህ ወግቶት ቀስ በቀስ ማፍሰስ ከጀመረ ግን ጨዉ በካላማዳሪውና በቸርኬው መካከል ገብቶ ከውጭ ሳይታይ ሥራውን ይሠራል። ጎማው ወልቆ ሲታይ የቫልቮላው ቀዳዳ ዙሪያ ተበልቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የትራክተር ቸርኬ ደግሞ እንደ አይሱዙ ቸርኬ በየመንገዱ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

እንደዚያም ሆኖ ይህን ጨው የሚመርጥ ሰው ካለ፣ ጨዉን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ጨዉ አታፍስሱ። ሲሟሟ በርሜሉን በእጅ እስከማይነካ ድረስ ያሞቀዋል፤ ሳይቀዘቅዝ ጎማ ውስጥ አይግባ፣ ዓይንም ይከለል።

"ታዲያ የአፍዴራ ጨው ቢሆንስ? ርካሽ ነው" የሚለኝ ሰው አልታጣም። የገበታ ጨው ውሃውን በመጠኑ ያከብደዋል፤ ዝገቱ ግን ያው ነው። ከሁሉ በላይ አንድ ቀን ጎማው ማሳ መሐል ቢፈነዳ ጨዋማው ውሃ የሚፈሰው ስንዴ በሚበቅልበት መረሬ ላይ ነው። ይህ አፈር ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ ጨዉ ቶሎ ታጥቦ አይሄድለትም። በገዛ መሬቴ ላይ የማልደፋውን ነገር በጎማዬ ይዤ መዞር አልፈልግም።

ሞላሰስን ያነሳልኝ ከምንጃር የመጣ ትራክተረኛ ነው፤ የስኳር ፋብሪካዎቹ ለእነርሱ ቅርብ ናቸው። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በአሜሪካ ከስኳር ቀይ ሥር (ስኳር ከሚወጣለት የቀይ ሥር ዓይነት) ተረፈ ምርት የተሠራ ፈሳሽ ለዚሁ ሥራ ይሸጣል፣ ከባድ ነው፣ ብረትም አይበላም ይባልለታል። ልዩነቱ ያኛው ስኳሩ ተለይቶ የወጣለት መሆኑ ነው። የእኛ ሞላሰስ ስኳሩ በውስጡ አለ። እንደ ማር ወፍራም በመሆኑ በውሃ ሳይቀጥን በቫልቮላ አያልፍም፤ በውሃ ከቀጠነ ደግሞ ይፈላል። አረቄ አውጪዎች ቢጠየቁ ይህን ከእኔ የበለጠ ያስረዳሉ። የሚፈላ ነገር ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ጎማ ውስጥ ጋዝ የሚያወጣ ነገር ማኖር ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትም።

የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ያ አረንጓዴው፣ ከውሃ የሚከብደው በትንሹ ነው። ዋጋው ለ520 ሊትር የሚታሰብ አይደለም። ከዋጋው በላይ ያስቀረኝ ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ ይህ መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ይጣፍጣል። ጅሩ ሰንጋ የሚደልብበት አገር ነው፤ ትራክተሬ የሚያድረው በሬዎች ከሚታሰሩበት ግቢ ነው። ጎማው ሌሊት አፍስሶ ጠዋት አንድ ጥጃ ወይም ውሻ ኩሬውን ሲልስ ማግኘት የሚፈልግ የለም። ሜታኖል ደግሞ ከውሃ የሚቀል፣ የሚቀጣጠልና መርዛማ ነው፤ ክብደት ለሚፈልግ ሰው ምን ያደርግለታል?

የተቃጠለ ዘይትን በጭራሽ። ከውሃ ይቀላል፣ የነዳጅ ዘር በመሆኑም ካላማዳሪውንና ጎማውን ከውስጥ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ጋራዥ በነጻ ሰጠኝ ብሎ የሚሞላ ሰው ጎማውን በነጻ እያጠፋ ነው።

ስለዚህ የሞላሁት ውሃ ነው። ያስመረጠኝ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ልደፋው መቻሌ ነው። የኪራይ ትራክተር አንድ ቦታ አይቀመጥም። እዚህ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀወት ቆላ እወርዳለሁ፤ ያ ማለት ጣርማ በርን አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት መውረድ ነው። ግማሽ ቶን ተጨማሪ ክብደት ይዞ መውረድ ለፍሬኑ ሸክም ነው፤ በፈሳሽ የተሞላ ጎማ ደግሞ አስፋልት ላይ ይደርቃል፣ ይነጥራል፣ ይሞቃል። ስለዚህ ውሃውን ቤቴ እደፋለሁ፣ ሸዋሮቢት ስደርስ ከመስኖ ቦይ እሞላለሁ። በገንዘብ የተገዛ ፈሳሽ ይህን አይፈቅድም።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚሻለው የብረት ክብደት ነው፤ ቸርኬው ላይ በብሎን የሚታሰረው። ሲፈለግ ይጫናል፣ ሳይፈለግ ይወርዳል፣ ጎማውን አያደርቅም፣ ቸርኬውንም ከውስጥ አያዝገውም። ያገኘና አቅሙ የቻለ ውሃውን ይተወው። ውሃም ሆነ ብረት ከኋላ የጨመረ ሰው ግን ፊቱን አይርሳ። ማረሻው በሃይድሮሊክ ተነስቶ ሳለ ከትራክተሩ ጠቅላላ ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው በፊት ጎማዎች ላይ መቅረት አለበት፤ ካልቀረ መሪው ይቀላል፣ ዳገት ላይም ፊቱ ይነሳል።

ጎማችሁ ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚችል የሚነግራችሁ ራሱ ነው። ጎኑ ላይ ባሉት ሁለት ቁጥሮች መካከል ሰረዝ ካለ፣ እንደ እኔው 16.9-30፣ ተራ ጎማ ነው፤ እስከ 75 በመቶ ይሞላል። በሰረዙ ቦታ "አር" የሚለው የፈረንጅ ፊደል ካለ ራዲያል ነው። ራዲያል ጎኑ እንዲተጣጠፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ፈሳሽ ጥቅሙን ይገድልበታል፤ ባይሞላ ይመረጣል፣ ከተሞላም ከ40 በመቶ አይለፍ። መጠኑን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም። ቫልቮላው ከላይ፣ በሰዓት ገጽ 12 ቁጥር ባለበት ቆሞ፣ ውሃው ቫልቮላው ጋ ሲደርስ 75 በመቶ ነው። ቫልቮላው 4 ወይም 8 ቁጥር ባለበት ከቆመ 40 በመቶ ነው። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ይሞሉ። መቶ በመቶ የተሞላ ጎማ ግን አየር ስለሌለው ድንጋይ ሲመታ የሚያለዝብለት የለም፤ ይፈነዳል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ የኋላውን በክሪክ አንሱና በጠንካራ እንጨት አስደግፉ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ ትራክተር ሥር እጅ አይገባም። ቫልቮላውን ወደ ላይ አዙሩ፣ የውስጥ ፍሬውን ፍቱና አየሩ ወጥቶ ይለቅ። የብዙ ትራክተሮች ቫልቮላ ፍሬውን የያዘው ክፍልም ይፈታል፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው ሰፍቶ ሥራው ይፈጥናል። ውሃ እያስገባ አየሩን በጎን የሚያስወጣ ማገናኛ አለ፤ ካገኛችሁ ግዙት። ካጣችሁ ቱቦውን እየነቀላችሁ አየሩን ማስተንፈስ ነው፤ ያሰለቻል እንጂ ይሞላል። በርሜሉን ጋሪው ላይ አድርጎ በከፍታው እንዲወርድ መተው ይበቃል። በውሃ ሞተር የሚሞላ ሰው ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ አጠገቡ ይቁም። የወንዝ ውሃ ከሆነ በጨርቅ ይጠለል፤ ደለል አንዴ ከገባ አይወጣም። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ያለው ሰው ደግሞ ተራ ውሃም ቸርኬውን ከውስጥ እንደሚያዝገው ይወቅ፤ እኔ ብሆን ለእንዲህ ያለው ጎማ መጀመሪያ ካላማዳሪ አስገባለታለሁ።

ውሃው ከገባ በኋላ አየር ይነፋል፤ እዚህ ላይ ጎሚስታውን ተቆጣጠሩት። የእነዋሪው ልጅ ሥራው ከጭነት መኪና ጋር ነው፤ የመኪናውን ልክ በእጁ ስለለመደው "ጋሼ፣ ይህ እኮ ገና ባዶ ነው" ብሎ ሊጨምር ሲል አስቆምኩት። የትራክተር የኋላ ጎማ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ነው፤ ትክክለኛው በትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ አለ። የጭነት መኪና መለኪያ በዚህ ዝቅተኛ ግፊት ላይ በደንብ አያነብም፣ ስለዚህ ዝቅተኛውን የሚለካ ፈልጉ። ስትለኩ ቫልቮላው ከላይ ይሁን፤ ከታች ከሆነ መለኪያው ውሃ ይጠጣል፣ የውሃው ቁመትም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በጎማው ውስጥ የቀረው አየር ሩብ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ፍንጥቅ እንኳ ግፊቱን ቶሎ ያወርደዋል፤ ከወትሮው አዘውትራችሁ ለኩ።

ቸርኬው ላይ በቀለም "ውሃ አለው" ብላችሁ ጻፉ። የማያውቅ ጎሚስታ ፍሬውን ሲፈታ ፊቱ ላይ ከሚረጭበት ይልቅ የሚያሰጋው ክብደቱ ነው፤ ውሃ የያዘ ጎማ ከነቸርኬው ሲወልቅ ወደ ሰው ከዘነበለ የሚይዘው የለም። ሳይደፋ አይፈታ። ሲደፋ ቫልቮላውን ወደ ታች አዙሩ፤ ከቸርኬው በታች ያለው ውሃ ግን በራሱ አይወጣም። ቀጭን ቱቦ በቫልቮላው ውስጥ እስከ ጎማው ወለል አውርዶ፣ በጎን አየር እየነፉ መግፋት ያስፈልጋል።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ትራክተር የምትገዙ ከሆነ ጎማው ውስጥ ቀድሞ የተሞላ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። ቫልቮላውን ወደ ታች አዙራችሁ ፍሬውን በቀስታ ጫን ብታደርጉ ይታያል። ጥቂት ጠብታ ሳህን ላይ ተቀብላችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ፤ አትቅመሱት። ውሃ ከሆነ ይደርቃል። ካልሲየም ክሎራይድ እርጥበት ከአየር ስለሚስብ ለመድረቅ ያስቸግራል፤ ቫልቮላው ዙሪያም ነጭ ቅርፊትና ዝገት ታያላችሁ። ቀለም ያለውና ጣት ላይ የሚያዳልጥ ከሆነ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ጨው ከሆነ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጎማው ይውለቅና ቸርኬው ይታይ፤ ከገዛችሁም በኋላ ጨዋማውን ፈሳሽ ከማሳና ከከብት ውሃ ርቃችሁ አስወግዱ፣ ቸርኬውን በንጹሕ ውሃ እጠቡና ቀለም ቀብታችሁ አዲስ ካላማዳሪ አስገቡ።